ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ? «ኮንስታንት» በሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ ውስጥ

(በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በነዋሪዎች የጋራ መገልገያ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ፕሮግራመሮች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኮድም በቃል ተተርኳል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ታክሲ ቀያይራችሁ እዚህ ድረስ ለመጣችሁም፣ ከአራተኛ ፎቅ በነጠላ ጫማ ለወረዳችሁም ምስጋናዬ እኩል ነው። ፕሮጀክተር የለንም። ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚማሩበት ሰሌዳ ግን አለ፤ የምናየው ኮድ ከጥቂት መስመር ስለማይበልጥ እሱ ይበቃናል።

ለጥቂት መስመር ኮድ ይህን ያህል ሰው ለምን ይሰበሰባል? መስመሮቹን የሚገዛው የሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ፣ ማለትም የቋንቋው ይፋዊ ደንብ፣ አንቀጽ «ኮንስታንት» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያነሳል፤ ባነሳው ቁጥር ግን የሚለው ነገር አንድ አይደለም። አንድ ሰው «ይሄ ኮንስታንት ነው» ሲላችሁ ከሦስት ነገር አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዋጋው አንዴ ከተሰጠ አይለወጥም ማለቱ ይሆናል። ዋጋው ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ ሊታወቅ ይችላል ማለቱም ይሆናል። ወይም ደግሞ ኮምፓይለሩ ዋጋውን ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ቦታው ላይ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት ማለቱ ነው። ሲሰሙት ሦስቱ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን የማይለወጥ ሆኖ ዋጋው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የሚሰላ ቫሪያብል አለ፤ እንደልብ የሚለወጥ ሆኖ የመጀመሪያ ዋጋው አስቀድሞ የሚቀመጥም አለ።

እኔ አንቀጹን ሳነብ በየዐረፍተ ነገሩ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይሄ ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ? ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ የተከራከርንባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ፣ አንዳችን ስለ ግዴታው ሌላችን ስለ ፈቃዱ እያወራን፣ ሁለታችንም ያንኑ ቃል ስለምንጠቀም የተነሱ ነበሩ።

ምሳሌዬ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ሮቶዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። እንበልና አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሮቶው ክዳን ሥር ተሰቅላ በድምፅ ሞገድ ውሃው ምን ያህል እንደወረደ ትለካለች፤ ሲጎድል ፓምፑን ታስነሳለች። ሮቶው በአንድ ሴንቲሜትር ቁመት 12.5 ሊትር ይይዛል፤ ቁመቱ 160 ሴንቲሜትር ነው፤ ሲሞላ 2000 ሊትር መሆኑ ነው።

ሰሌዳው ላይ፣ በመጀመሪያው ፋይል፣ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ። አንደኛው መስመር «ኮንስት ደብል» ብሎ ይጀምርና «ሊትር በሴንቲ» ለሚባል ቫሪያብል 12.5 ይሰጠዋል። ሁለተኛው «ኮንስት» የለውም፤ «ደብል ሙሉ» ይልና «ሊትር በሴንቲ» በ160 ተባዝቶ ይሰጠዋል። በሌላ ፋይል ውስጥ ደግሞ «ፓምፕ» የሚባል ግሎባል ኦብጀክት አለ። ኮንስትራክተሩ፣ ማለትም ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ፣ «ሙሉ»ን አንብቦ ለአምስት ያካፍልና ፓምፑ የሚነሳበትን ወሰን ይይዛል፤ ውሃው ከዚህ በታች ሲወርድ ተነሳ ማለት ነው። ወሰኑ 400 ሊትር መሆን አለበት።

ፓምፑ «ሙሉ»ን ያነበበው ገና ዋጋ ሳይሰጠው ከሆነ ግን የሚያገኘው ዜሮ ነው። ዜሮ ለአምስት ሲካፈል ዜሮ። ውሃ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ፓምፑ መቼም አይነሳም። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም፣ ፕሮግራሙም አልወደቀም። ላይ ፎቅ ያሉ እናት ግን ቧንቧ ከፍተው ይጠብቃሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለማየት ግሎባል ቫሪያብል ዋጋውን የሚያገኝባቸውን መንገዶች እንይ። ሦስት ናቸው፤ እዚህ የምትኖሩ ሰዎች ደግሞ ከማንም በላይ ይገባችኋል። ቁልፍ ስትረከቡ ወለሉም በሩም ቀለሙም አልቆ የሚጠብቃችሁ ቤት አለ፤ ይሄ ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን ነው። ግድግዳና ጣሪያው ብቻ ቆሞ ውስጡ ባዶ የሆነ አለ፤ ይሄ ዜሮ ኢኒሻላይዜሽን ነው። ባዶውን ተረክባችሁ፣ ገብታችሁ እየኖራችሁ፣ ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታስጨርሱት አለ፤ ዳይናሚክ ኢኒሻላይዜሽን እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ላይ ስታቲክ ኢኒሻላይዜሽን ይባላሉ፤ ዳይናሚኩ ሁሉ ከእነሱ በኋላ ይመጣል። በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉት ተራ ግሎባል ቫሪያብሎች ዳይናሚኩን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ያገኛሉ። በሁለት ፋይሎች መካከል ግን ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ ስታንዳርዱ ቃል አይገባም።

በመሣሪያዋ ቺፕ ላይ ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ኃይል ስታገኝ፣ ሜይን ከመጠራቱ በፊት፣ አንድ አጭር የማስነሻ ኮድ ይሠራል። በፍላሽ የተቀመጠውን የዳታ ክፍል ወደ ራም ይገለብጣል፤ ቢኤስኤስ የሚባለውን ክፍል በዜሮ ይሞላል፤ ከዚያ ኢኒት አሬይ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ፈንክሽኖች በተራ ይጠራል። የመጀመሪያው ሥራ የኮንስታንት፣ ሁለተኛው የዜሮ፣ ሦስተኛው የዳይናሚክ ነው። «ሙሉ» የት እንዳረፈ ለማወቅ ኤንኤም በሚባለው መሣሪያ የኦብጀክት ፋይሉን ክፈቱ። ከስሙ ጎን ዲ ፊደል ካለ ዳታ ውስጥ ነው፤ 2000 አስቀድሞ ተቀምጧል። ቢ ካለ ቢኤስኤስ ውስጥ ነው፤ አሁን ዜሮ ነው፤ 2000 የሚሆነው ኢኒት አሬይ ተራው ሲደርስ ነው። ፓምፑም ተራውን የሚጠብቀው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ሰሌዳው ላይ ያለው «ሙሉ» የትኛው ውስጥ ይገባል? እጅ አውጡ። ዳታ? ... ብዙ ናችሁ። ቢኤስኤስ? ... ሁለት። ከሁለቱ አንዱ እየሳቀ ነው፤ ወጥመድ ያለ መስሎታል፤ አለም።

ኮዱን ኮምፓይል ብታደርጉት በአብዛኛው ዲ ታገኛላችሁ። 12.5 በ160 የማያባዛ ኮምፓይለር የለም። ስታንዳርዱን ብትጠይቁት ግን «ሙሉ» ዳይናሚክ ነው ይላችኋል። አንድ ቫሪያብል በኮንስታንት ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ኮምፓይል ሲደረግ ሊሰላ በሚችል ስሌት፣ ውስጥ ዋጋው እንዲነበብ ኮንስትኤክስፐር («ኮምፓይል ሲደረግ የሚሰላ» የሚል ቁልፍ ቃል) ተብሎ የታወጀ፣ አለዚያም ኮንስት የሆነ ኢንቲጀር ወይም ኢነም መሆን አለበት። (ለሪፈረንስ ሌላ ደንብ አለ፤ ዛሬ አያስፈልገንም።) ኮንስት ደብል ከዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ሊትር በሴንቲ» አይለወጥም፣ 12.5 መሆኑም ከፊታችን ተጽፏል፤ እንዲያም ሆኖ እሱን አንብቦ የሚሰላ ነገር በስታንዳርዱ ዓይን ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን አይደለም፤ ስለዚህ ዋጋውን አስቀድሞ የማስቀመጥ ግዴታ የለም። በአንደኛው መስመር «ደብል» የሚለውን አጥፍታችሁ «ኢንት» ጻፉና 12.5ን 12 አድርጉት። ሮቶው 80 ሊትር ያንሳል፤ «ሙሉ» ግን ወዲያውኑ በግዴታ የሚቀመጥ ይሆናል።

ለኢንቲጀሩ ይህ ወግ የቆየ ነው፤ ሰው የአሬይ ርዝመት በኮንስት ኢንት መጻፍ ስለለመደ ነው። ደብል ያ ልማድ አልነበረውም። በ2011 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮንስትኤክስፐር ሲመጣ «ከእንግዲህ የሚፈልግ ኮንስትኤክስፐር ይበል» ተባለና አሮጌው ልዩነት እንዳለ ቀረ።

ታዲያ ኤንኤም ዲ ካሳየን ዳይናሚክ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ስታንዳርዱ ከግዴታው ቀጥሎ አንድ ፈቃድ ይሰጣል። ኮምፓይለር ግዴታ የሌለበትንም ቫሪያብል ቢሆን እንደ ስታቲክ አድርጎ ዋጋውን አስቀድሞ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ዳይናሚክ ቢሆን ኖሮ፣ ኢኒሻላይዜሽኑ ሌላ ግሎባል ኦብጀክትን ከራሱ ተራ በፊት የማይለውጥ መሆን አለበት። የሚቀመጠው ዋጋም፣ ግዴታ የሌለባቸው ሁሉ በዳይናሚክ መንገድ ቢሄዱ ይገኝ የነበረው ዋጋ መሆን አለበት።

«ሙሉ» ዳታ ውስጥ የገባው በዚህ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ሊቀር ይችላል። ማባዛቱን ትታችሁ «የሮቶ መጠን አስላ» የሚል፣ ኮንስትኤክስፐር ያልሆነ ፈንክሽን ብትጠሩ ምን ይሆናል? ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለር በኦ 2 ደረጃ፣ ማለትም ኮዱን እንዲያፈጥን ሲታዘዝ፣ ፈንክሽኑን እዚያው ፋይል ውስጥ ካገኘው ራሱ ሠርቶት ዳታ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። በኦ ዜሮ፣ ማለትም ባግ ስትፈልጉ በምትጠቀሙበት ደረጃ፣ አያስቀምጠውም። ስለዚህ ደንበኛ እጅ ያለችው መሣሪያ ትሠራለች፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለችው አትሠራም። ፈንክሽኑን ሥርዓት ለማስያዝ ወደ ሌላ ፋይል የወሰደ ባልደረባ ደግሞ ሁለቱንም ሊያቆማቸው ይችላል። ከኮዱ ትርጉም አንድም ነገር አልነካም።

አሁን አንቀጹን ራሱን እንይ። ስታንዳርዱ አይኤስኦ 14882 ነው። የመጨረሻውን ጽሑፍ ከአይኤስኦ መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ረቂቆቹ ግን በነፃ ይወርዳሉ፤ ለሲ ፕላስ ፕላስ 20 የምፈልገውን ኤን 4861 ከሚባለው ረቂቅ ነው የማነበው፤ ስልካችሁ ላይ ሊኖር ይገባል።

የ1998ቱ ጽሑፍ በዚህ ጉዳይ አጭር ነበር። ዜሮ ኢኒሻላይዜሽንና በኮንስታንት ኤክስፕሬሽን የሚደረግ ኢኒሻላይዜሽን በአንድ ላይ ስታቲክ ይባላሉ፣ የቀረው ዳይናሚክ ነው፤ አለቀ። በ2011 ኮንስትኤክስፐር ኮንስትራክተሮች ሲገቡ «ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን» የራሱ ስምና ሦስት ሁኔታዎች ያሉት ነገር ሆነ፤ ለሪፈረንስ፣ በኮንስትራክተር ለሚነሳ ኦብጀክት፣ ያለ ኮንስትራክተር ለሚነሳ ኦብጀክት። ሦስቱም የሚንጠለጠሉበት ዐረፍተ ነገር «ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን ይከናወናል፦» የሚል ነው። ማን እንደሚያከናውነው አይልም። ስታንዳርድ ሲያዝዝ የሚጠቀምበት የታወቀ የ«አለበት» ቃል አለው፤ እዚህ ቦታ ላይ የለም።

ስለዚህ ሁለት ንባብ ይቻላል። አንዱ «እነዚህ ሁኔታዎች ከተሟሉ ኮምፓይለሩ ያከናውናል፤ ምርጫ የለውም» ይላል። ሌላው «ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለውን ሲያከናውን ስሙ ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን ነው» የሚል የስያሜ ንባብ ነው። የመጀመሪያው ትክክል መሆኑን የምታውቁት ዝቅ ብላችሁ የፈቃዱን አንቀጽ ስታነቡ ነው፤ «በስታቲክ እንዲደረግ ግዴታ የሌለበት ቢሆንም እንኳ» ይላልና። ግዴታ የሌለበት ካለ፣ ግዴታ ያለበት አለ ማለት ነው። ግዴታውን የነገረን ፈቃዱ ነው። ሕግ የተማረ ዘመድ ካላችሁ አሳዩት፤ ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ ለእሱ አዲስ አይሆንም።

ፈቃዱ ግን የራሱን ጭጋግ ያመጣል። ስታቲክ ማለት ዜሮና ኮንስታንት ብቻ ናቸው ተብሎ ተደንግጓል። በፈቃድ ዳታ ውስጥ የገባው የእኛ «ሙሉ» ዜሮ አይደለም፤ 2000 ነው። ኮንስታንትም አይደለም፤ ሁኔታውን አላሟላም። ሆኖም «እንደ ስታቲክ» ተደርጓል። እንግዲህ አንድ ሰው «ይህ ቫሪያብል ስታቲካሊ ኢኒሻላይዝድ ነው» ሲል ስለ መደቡ ነው የሚያወራው ወይስ ስለ ሆነው ነገር? ስታንዳርዱ ለረጅም ጊዜ ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠራ ኖሯል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስታንዳርዱ ራሱ ያስቀመጠው ምሳሌ ነው። ዲ 1 እና ዲ 2 የሚባሉ ሁለት ደብሎች አሉ። ዲ 2 ቀድሞ ይመጣና ዋጋውን ከዲ 1 ይወስዳል። ከዚያ ዲ 1 ዋጋውን 1.0 ከሚመልስ ፈንክሽን ያገኛል። ዲ 1 ምንም ሆነ ምን በመጨረሻ 1.0 ነው። ዲ 2ስ? ኮምፓይለሩ በፈቃዱ ተጠቅሞ ዲ 1ን ብቻ አስቀድሞ ካስቀመጠ፣ ዲ 2 ተራው ሲደርስ 1.0 ያነባል። ሁለቱም ዳይናሚክ ከሆኑ ዲ 2 ቀዳሚ ስለሆነ ገና ባዶውን ዲ 1 ያነብና 0.0 ይሆናል። ዲ 2 ራሱ በፈቃድ አስቀድሞ ከተቀመጠ ደግሞ 0.0 ብቻ ነው መሆን የሚችለው፤ ሁሉም ዳይናሚክ ቢሆኑ ይገኝ የነበረው ዋጋ እሱ ነውና። አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት መልስ፣ ሁለቱም ሕጋዊ። ጸሐፊዎቹ ይህን አልደበቁትም፤ ውጤቱ ያልተወሰነ ነው ብለው እዚያው ጽፈውታል። ምሳሌው በማስታወሻ ሳጥን ውስጥ ስላለ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል።

ወደ 2020 ልለፍ። የ2014ቱ ጽሑፍ «ኮንስታንት ኢኒሻላይዘር» የሚል ቃል አስገባ፤ የ2017ቱ ያዘው፤ በዚያው ዙር ዜሮውም ተስተካከለ። ቀድሞ «ከማንኛውም ኢኒሻላይዜሽን በፊት ዜሮ» ይል የነበረው «ኮንስታንት ካልተከናወነ ዜሮ» ሆነ። የ2020ው ደግሞ ትርጉሙን ከፕሮግራም አነሳስ ምዕራፍ አውጥቶ ወደ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ምዕራፍ ወሰደውና ቅጽል አደረገው፤ «ኮንስታንት-ኢኒሻላይዝድ»። በአነሳሱ ምዕራፍ የቀረው «አንድ ስታቲክ ወይም ትሬድ ስቶሬጅ ያለው ቫሪያብል ኮንስታንት-ኢኒሻላይዝድ ከሆነ ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን ይከናወናል» የሚለው ነው። (ስታቲክ ስቶሬጅ ያለው ፕሮግራሙ እስኪያልቅ የሚቆይ ነው፤ ትሬድ ስቶሬጅ ያለው ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ቅጂ ያለው ነው።)

ጠባዩ ከድርጊቱ ተለየ፤ መልካም ሥራ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ግን አንዲት ሰረዝና የቃሉ ጭራ ብቻ ናት። ሰሌዳው ላይ ከታች በኩል አንድ ፈንክሽን ጽፌያለሁ፤ ውስጡ «ኮንስት ኢንት ቁመት» 160 ተብሎ የተቀመጠ ሎካል ቫሪያብል አለው። ይህ ቫሪያብል ኮንስታንት-ኢኒሻላይዝድ ነው፤ ትርጉሙ የስቶሬጅ ዓይነት አይጠይቅም። ለአሬይ ርዝመት ልትጠቀሙበት የምትችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን ግን አልተከናወነለትም፤ ያ ድርጊት ለስታቲክና ለትሬድ ስቶሬጅ ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ አሳጥሮ ካላስቀረው በቀር ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር 160 ስታክ ላይ ይጻፋል። «ኮንስታንት-ኢኒሻላይዝድ ነው፤ ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን ግን የለውም» ብላችሁ ለአለቃችሁ ሪፖርት ብትጽፉ ምን እንደሚላችሁ አላውቅም። እንደ ስታንዳርዱ ግን ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው።

«ስታቲክ» ራሱም ብዙ ሸክም አለበት፤ እሱን በፍጥነት ላልፈው። ስቶሬጅን ይናገራል፣ ሊንኬጅን ይናገራል፣ የክላስ አባልን ይናገራል፣ አሁን ደግሞ ኢኒሻላይዜሽንን። ዩኒቨርሲቲ ጃቫ ተምራችሁ የመጣችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። ጃቫ ውስጥ ስታቲክ ኢኒሻላይዘር ማለት ክላሱ ኢኒሻላይዝ ሲደረግ፣ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የሚሠራ ኮድ ነው። እዚህ ስታቲክ ኢኒሻላይዜሽን ማለት ምንም የእናንተ ኮድ ሳይሠራ የሚሆነው ነው። ተቃራኒ ናቸው።

ሲ የሚጽፍ ካለ እሱም አልዳነም። በሲ ስታቲክ ስቶሬጅ ላለው ነገር ኢኒሻላይዘሩ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን መሆን አለበት፤ «አለበት» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። በሌላ ቦታ ግን «ኮምፓይለሩ ሌላ ዓይነት ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ሊቀበል ይችላል» የሚል አንድ መስመር አለ። «ኮንስት ኢንት ሀ» 5 ተብሎ፣ ቀጥሎ «ስታቲክ ኢንት ለ» ከሀ ሲወስድ፣ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ለዓመታት «ኢኒሻላይዘሩ ኮንስታንት አይደለም» ብሎ ይመልሰው ነበር፤ ከጂሲሲ 8 ወዲህ ይቀበለዋል። ስታንዳርዱ አልተለወጠም፤ ፈቃዱን የሚጠቀምበት ሰው ነው የተለወጠው። በአዲሱ የጻፋችሁትን አሮጌ የቺፕ አምራች ኮምፓይለር ላይ ውሰዱትና ታያላችሁ።

አሁን ወደ ኮንስትኢኒት። ይህ ቁልፍ ቃል ከሲ ፕላስ ፕላስ 20 ጋር መጣ፤ ያቀረበው ኤሪክ ፊዝሊየር ነው፤ ከዚያ በፊት ክላንግ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ አትሪቢዩት ነበረው። የቃሉ ሥራ ዋጋ መስጠት አይደለም፤ ማስመስከር ነው። «ይህ ቫሪያብል ዳይናሚክ ከሆነ ኮዱን አትቀበል» ይላል። ከሲ ፕላስ ፕላስ 20 በኋላ በእርማት የተጨመረው የዐረፍተ ነገሩ ቀጣይ ደግሞ ዛሬ ስናወራው የዋልነው ነገር ነው፦ «ኮምፓይለሩ ኢኒሻላይዜሽኑን በስታቲክ ሊያደርገው ቢችልም እንኳ»። ፈቃድ እዚህ ምስክር አይሆንም ማለት ነው። «ሙሉ» ፊት ላይ ኮንስትኢኒት ጻፉ፤ ስታንዳርዱን የሚጠብቅ ኮምፓይለር ይመልስላችኋል። «ሊትር በሴንቲ»ን ኮንስትኤክስፐር አድርጉት፤ ያልፋል። ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ አንቀጽ ነው፤ «ዳይናሚክ» የመደብ ስም እንጂ የሰዓት ስም አለመሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማወላወል ተናግሯል።

ስሙ ግን ጥሩ አልወጣለትም። ኮንስትኢኒት ኮንስት አያደርግም፤ «ሙሉ»ን በኋላ እንደፈለጋችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። ኮንስታንት ኢኒሻላይዜሽን መኖሩንም አያረጋግጥም! «ኮንስትኢኒት ኢንት ቆጣሪ» ብላችሁ ምንም ዋጋ ሳትሰጡ ብትተዉት ይቀበላችኋል፤ ዜሮ ኢኒሻላይዜሽን ብቻ ነው ያለው፣ ዜሮም ስታቲክ ነው፣ ዳይናሚክ የለም። የሚያረጋግጠው ስታቲክ መሆኑን ነው። «ስታቲክኢኒት» ቢባል ኖሮ ሥራውን ይገልጽ ነበር፤ «ስታቲክ» ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ግን እኔም አልደግፍም ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሚውቴክስ፤ ሁለት ትሬዶች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚቆልፍ ኦብጀክት ነው። ሚውቴክስ በማንኛውም ዳይናሚክ ኮድ ሊጠራ ስለሚችል ሁሉንም ቀድሞ ዝግጁ መሆን አለበት። ስለዚህ ስታንዳርዱ ከ2011 ጀምሮ ኮንስትራክተሩ ኮንስትኤክስፐር እንዲሆን ያዝዛል። ነገር ግን ሚውቴክስ በወቅቱ ሕግ «ሊተራል» የሚባለው መደብ ውስጥ የግድ አይገባም፤ ዲስትራክተሩ፣ ማለትም ኦብጀክቱ ሲጠፋ የሚሠራው ኮድ፣ ሥራ ሊኖረው ይችላልና። በ«ኮንስታንት-ኢኒሻላይዝድ» ረጅም ትርጉም ውስጥ «ሊተራል ባልሆኑ ክላሶችም ቢሆን» የሚል ጭራ የተንጠለጠለው ለእነዚህ ነው። ጭራውን ያላነበበ «ሊተራል ካልሆነ ኮንስታንት አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ማይክሮሶፍት ይህን ኮንስትራክተር ኮንስትኤክስፐር ያደረገው በ2024 በወጣው የቪዥዋል ስቱዲዮ 2022 እትም 17.10 ላይ ነው። በዚያ የተሠሩ ፕሮግራሞች አሮጌ የራንታይም ዲኤልኤል ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሚውቴክስ ለመቆለፍ ሲሞክሩ ይወድቁ ነበር። ቀድሞ ዲኤልኤሉ ኦብጀክቱን ራሱ ይሞላው ነበር፤ አሁን ባይቶቹ ኮምፓይል ሲደረግ ተጽፈው ይመጣሉ፤ አሮጌው ዲኤልኤል ደግሞ ራሱ የሞላውን ይጠብቃል።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን እዚህ አስፍሬያለሁ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እንዲህ ጠየቀች፦ «መምህር፣ ችግሩ ከታወቀ ለምን አንድ ጊዜ በግልጽ አይጽፉትም?»

መምህር እንኳ አይደለሁም፤ ግን እየጻፉት ነው። የ2020ው አጻጻፍ ከ2011ዱ በብዙ ይሻላል። አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ቃላት ሌላ ቦታ ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። «ኮንስታንት-ኢኒሻላይዝድ»ን ስትነኪ የአሬይ ርዝመት ደንብ ይነካል፣ ቴምፕሌት ይነካል። ስለዚህ አንዷን ጉድለት ለመድፈን አንድ ሐረግ ይጨመራል፤ «ኢኒሻላይዘር ያለው፣ ወይም ዲፎልቱ አንዳች ኢኒሻላይዜሽን የሚያከናውን ከሆነ» የሚለው እንዲህ የገባ ነው፤ ያ ሐረግ ባይኖር ዋጋ ያልተሰጠው ኢንት ራሱ ኮንስታንት ነው ወይስ ዜሮ ብለን እንከራከር ነበር። እያንዳንዱ ሐረግ ትክክል ነው፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ትንፋሽ የሚያሳጥሩት።

ሌላው ወንድማችን ፈርምዌር ላይ የሚሠራ ነው፤ «ግሎባል ቫሪያብል ሁሉ ላይ ኮንስትኢኒት ልለጥፍ?» አለ።

ሌላ ግሎባል በሚያነበው ሁሉ ላይ፣ አዎ። የሚመልስባችሁ ካለ ያ ራሱ ዜና ነው፤ ወይ ፈንክሽኑን ኮንስትኤክስፐር አድርጉት፣ ወይ ዳይናሚክ መሆኑን እወቁት። ትሬድ ሎካል ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ በኤክስተርን ማወጃው ላይ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ በነካው ቁጥር «ተነስቷል ወይ?» ብሎ መፈተሹን ሊተወው ይችላል። የሮቶው ቁመት ግን ሲገጠም ተለክቶ ኢኢፕሮም በሚባለው፣ ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋው ማህደረ ትውስታ ላይ የሚጻፍ ከሆነ ምንም ቁልፍ ቃል ኮንስታንት አያደርገውም፤ ከቺፑ መነበብ አለበት። ያኔ «ሙሉ»ን ግሎባል አታድርጉት። ፈንክሽን ውስጥ ስታቲክ ሎካል አድርጉትና ፓምፑ በፈንክሽኑ በኩል ይጠይቀው፤ መጀመሪያ የጠራው ሰው ያነሳዋል፣ የፋይሎቹ ተራ ከነገሩ ይወጣል። ይህ የሚያስከፍላችሁ በየጥሪው የምትደረግ አንዲት የጥበቃ ፍተሻ ናት። አንድ ትሬድ ብቻ ያለው ቺፕ ከሆነ «ኖ ትሬድሴፍ ስታቲክስ» የሚለው የጂሲሲ ምርጫ የመቆለፉን ክፍል ያስቀርላችኋል፤ «ተነስቷል» የምትለውን ምልክት መፈተሽ ግን ይቀጥላል።